ገመድ፣ አበባና ድንጋይ፦ ትራውማ በንግግር የሚታከመው እንዴት ነው?

ስለ ትራውማ የሚወራው ከመቼውም በላይ በዝቷል። ፖድካስቱ ያወራል፣ ቲክቶኩ ያወራል፣ ካፌ ውስጥም "እሱ እኮ ትራውማ አለበት" ሲባል መስማት ብርቅ አይደለም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ከቀዬው የተፈናቀለ አለ። የሊቢያን በረሃ አልፎ አውሮፓ የገባ አለ። ከአረብ አገር ተመልሳ እናቷ ቤት የተቀመጠች፣ ሌሊት ሌሊት እየጮኸች የምትነቃ አለች።

ቴራፒስት ጋ ሲኬድ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንዳንዱ "ወሬ አይደል እንዴ? እሱንማ ከጓደኛዬ ጋር በነጻ አወራዋለሁ" ይላል። ሌላው ደግሞ ባለሙያው የሆነውን ሁሉ ከጭንቅላት የሚፍቅበት ዘዴ ያለው ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም።

እዚህ አንድ የሕክምና ዘዴ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን። ስሙ ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ ነው፤ እኛ የትረካ ሕክምና እያልን እንቀጥል። የመረጥነው ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አይደለም። አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ መከራ ለደረሰበት ሰው ታስቦ ስለተሠራ፣ የተፈተነውም እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ትራውማ የቱ ነው?

መጥፎ ቀን ሁሉ ትራውማ አይደለም። ከፍቅረኛ መለየት ያማል፣ ከሥራ መባረር ያስመርራል። ሐኪሞች ትራውማ የሚሉት ግን ሕይወትን ወይም አካልን አደጋ ላይ የጣለ፣ እጅግ የሚያስፈራ ነገር ሲደርስ ነው። ጦርነት፣ መደፈር፣ እገታ፣ ግርፋት፣ ከባድ የመኪና አደጋ፣ በልጅነት የደረሰ የማያቋርጥ ድብደባ። በራስ ላይ የደረሰውም በዓይን የታየውም ይቆጠራል።

የደረሰው ነገር አንድ ነው፤ እሱ ትቶት የሚሄደው ሕመም ሌላ ነው። ሕመሙ በአጭሩ ፒቲኤስዲ ይባላል፤ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ማለት ነው። በዚህ ስም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። ያስገባው ደግሞ የሐኪሞች ጥናት ብቻ አልነበረም። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚታገሉ ሰዎችም ብዙ ገፍተዋል።

ሕመሙ ሦስት ዋና ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው ያለፈው ነገር ተመልሶ መምጣቱ ነው። ቅዠት ይሆናል፤ ወይም በጠራራ ፀሐይ ነገሩ ዛሬ እየሆነ ያለ ይመስላል። ሁለተኛው መሸሽ ነው። ሰውየው ቦታውን፣ ወሬውን፣ ሐሳቡን ጭምር ይሸሻል። ሦስተኛው አደጋው ዛሬም አጠገብ እንዳለ መኖር ነው። በር ሲንኳኳ መደንገጥ፣ ካፌ ውስጥ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። እነዚህ ለሳምንታት ቆይተው ሥራና ትዳር ሲያውኩ ነው ሕመም የሚባለው። ባደጋው ማግሥት መንቀጥቀጥና መባነን ግን የማንም ጤነኛ ሰው ነገር ነው።

ክፉ ያየ ሁሉ ይታመማል?

አይታመምም። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ከባድ ነገር ያጋጥመዋል። ወደ ፒቲኤስዲ የሚሄደው ከእነዚህ 5.6 በመቶው ነው። ጦርነት ባለፈባቸው ሰዎች ላይ ግን ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከጾታዊ ጥቃት በኋላም ከፍ ይላል። ከታመሙትም እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ማን ይታመማል፣ ማን ይተርፋል የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የመከራው ብዛት ነው። ሰው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ የደረሰበት ዓይነት በዓይነት ሲደራረብ የመታመም ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ "እገሌ ከዚህ የባሰ አይቶ ምንም አልሆነም" የሚለው ንግግር ፍርድ አይሆንም። ሁለተኛው ከአደጋው በኋላ በዙሪያው ማን እንደነበረ ነው። ለቅሶ የሚደርስ፣ ቡና አፍልቶ አጠገብ የሚቀመጥ፣ "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" የሚል ሰው ትልቅ መከታ ነው። የተደፈረች ልጅ ቤተሰቧ ፊት የሚነሳት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በእጥፍ ይሆናል።

ትዝታው ለምን አያረጅም?

ስለ አንድ ተራ ቀን አስቡ፤ ለምሳሌ ስለ ዘመድ ሠርግ። የት እንደነበረ፣ መቼ እንደነበረ፣ ከሱ በፊትና በኋላ ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ። ደስታው ትዝ ይላል እንጂ ዛሬ ጭብጨባው ጆሮ ላይ አይጮኽም። ጊዜና ቦታ የያዘው ክፍል ከስሜቱ ጋር አብሮ ተቀምጧል።

ሰው ሞትን ፊት ለፊት ሲያይ ግን የአእምሮ አሠራር ይለወጣል። ፍርሃት የሚያነቃው ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ነገሮችን በጊዜና በቦታ የሚያደራጀው ሂፖካምፐስ ደግሞ በጭንቀቱ ብዛት ሥራው ይዳከማል። ውጤቱ የተቆራረጠ ትዝታ ነው። ሽታው፣ ድምፁ፣ የልብ ምቱ በጣም ጠንክሮ ይቀረጻል፤ "ይህ የሆነው ያኔ ነው፣ እዚያ ነው" የሚለው መረጃ ይላላል። የትረካ ሕክምና ሰዎች የመጀመሪያውን ትኩስ ትዝታ፣ ሁለተኛውን ቀዝቃዛ ትዝታ ይሉታል። የታመመ ሰው ትኩሱ ሞልቶ ተርፎት ቀዝቃዛው ያጠረው ነው።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር መላውን ትቀሰቅሰዋለች። የናፍጣ ሽታ። የብረት በር ድምፅ። አንድ ዓይነት ሽቶ። ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ ከዚያ ወዲህ ድመት ባለፈ ቁጥር ፊሽካ እየነፋ ሰፈሩን ሁሉ እንደሚቀሰቅስ ዓይነት ነው። ዘበኛው ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ትጉ ሆኗል። የጎደለው ነገር ሌሊቱ ማለፉን ማወቅ ነው።

መሸሽ ደግሞ ነገሩን ያቆየዋል። የሸሹት ትዝታ ለዛሬው እፎይታ ይሰጣል፣ ግን ሳይደራጅ እንደተቆራረጠ ይቀራል። "ተይው፣ አታስቢው፣ አልፏል" የሚለው የዘመድ ምክር በቅን ልብ የሚሰጥ ነው፤ ፒቲኤስዲ ላለበት ሰው ግን አይሠራም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን ይደረጋል?

ለማሳያ አንዲት ሴት በምናባችን እንፍጠር። 32 ዓመቷ ነው። ከወሎ ገጠር ተነስታ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረች። የመን ላይ ደላሎች አግተው ቤተሰቧን ብር አስከፈሉባት። ሳዑዲ ደርሳ ሰው ቤት ሠራች፣ ተይዛ ታሰረች፣ ተመለሰች። አሁን አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። የብረት በር ሲዘጋ ትርበተበታለች፤ ታክሲ ውስጥ ከኋላ መቀመጥ አትችልም።

የመጀመሪያው ቀን ታሪኳን አትናገርም። ባለሙያዋ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት ትጠይቃለች። ዛሬ የምታድርበት ቤት ደኅና መሆኑን፣ የሚያስፈራራት ሰው መኖሩን ትጠይቃለች። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ሕክምናው ለምን ወደ ትዝታው እንደሚመለስ፣ መሐል ላይ ለጥቂት ቀናት ሊብስባት እንደሚችል ትነግራታለች። ከዚያ ፈቃዷን ትጠይቃለች። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። ትራውማ የሚባለው ነገር ራሱ ሰው ያለ ፈቃዱ የደረሰበት ነውና ሕክምናውም በግድ ከሆነ ያው ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል። አጠገቡ ጠጠርና ድንጋይ፣ አበባም ይቀመጣል። ገመዱ ሕይወቷ ነው። አንደኛው ጫፍ የተወለደችበት ቀን፣ ሌላኛው ጫፍ ወደፊት ነው፤ ገና ስላልተኖረ እንደተጠቀለለ ይቀመጣል። ደግ ነገር የሆነበት ቦታ ላይ አበባ ታስቀምጣለች። አያቷ ያሳደጓት ዓመታት፣ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣችበት፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ለእናቷ የላከችበት። የሚያስፈራ ነገር የሆነበት ቦታ ላይ ድንጋይ። አንዳንዶቹ ትልቅ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ትንሽ። የምትወደው ሰው ለሞተበት ቦታ ሻማ የሚያስቀምጡ ባለሙያዎችም አሉ። ሰው ራሱ ሌላውን የጎዳበት ጊዜ ካለ ደግሞ በእንጨት ምልክት ይደረግበታል፤ ይህ በተለይ ለቀድሞ ተዋጊዎች አስፈላጊ ነው።

በዚህ ቀን ዝርዝር አይነገርም። ለያንዳንዱ ስም፣ ግምታዊ ጊዜና ቦታ ብቻ ይሰጠዋል፦ "የመን፣ የታገትንበት ግቢ፣ 20 ዓመቴ።" ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብዙ ሰው ሕይወቱን በአንድ እይታ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ከድንጋዮቹ መሐል አበባ ማየትም ቀላል ነገር አይደለም።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ትረካው ይጀመራል። ከልደት ተነስቶ በቅደም ተከተል ይሄዳል። አንድ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ይወስዳል። ድንጋይ ያለበት ቦታ ሲደረስ ባለሙያዋ ፍጥነቱን ቀስ ታደርገዋለች። ከዚህ በኋላ ነው ከተራ ወሬ የሚለየው።

"በሩ ሲከፈት ምን አየሽ?"

"ጨለማ ነበር። ጫማውን አየሁ።"

"ምን ሰማሽ?"

"ቁልፉን። ያ ቁልፍ…"

"ሰውነትሽ ውስጥ ምን ነበር?"

"እግሬ አልታዘዝ አለኝ።"

"ያን ጊዜ ምን አሰብሽ?"

"እናቴ ሬሳዬን እንኳን አታገኝም ብዬ።"

"አሁን ስትነግሪኝ እግርሽ ይንቀጠቀጣል። ያኔ እንደዚህ ነበር?"

"አዎ።"

"አሁን የት ነን?"

"እዚህ… አዲስ አበባ። አንቺ ቢሮ።"

የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ናት፤ ሥራውን የምትሠራው ግን እሷ ናት። ባለሙያዋ ትኩሱን ቁራጭ ታነሳለች፣ ከጎኑ ቀኑንና ቦታውን ታስቀምጣለች። ያኔና አሁን፣ ያኔና አሁን እየተባለ ይሄዳል። ሴትየዋ ትዝታው ውስጥ ትገባለች፣ ግን አንድ እግሯ ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ ነው። ብቻዋን በቅዠት ስትገባበት የሚጎድለው ይህ ነው።

ታማሚዋ መሐል ላይ ደንዝዛ ብትጠፋስ? ይደርሳል። በከባድ ፍርሃት ጊዜ ሰውነት መሸሽም መታገልም ሳይችል ሲቀር እንደ መብራት ድርግም ይላል፤ ደም ግፊት ይወርዳል፣ ዓይን ይፈዛል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። ትዝታው ሲመጣ ያው ይደገማል። በዚህ ጊዜ ባለሙያዋ ዝም ብላ አታይም። እግር አቆላልፎ ጡንቻ ማጠንከር፣ መነሳት፣ ቀዝቃዛ ውሃ መንካት፣ ኃይለኛ ሽታ ማሽተት፤ በእነዚህ ታማሚዋን ወደ ክፍሉ ትመልሳለች። ይህን የማይችል ሰው የትራውማ ትዝታ ባይቆሰቁስ ይሻላል።

ቀጠሮው ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እያለ አይቋረጥም። ሰዓት ሞልቷል ተብሎም አይለቀቅም። ክስተቱ አልቆ ከሱ በኋላ የሆነው እስኪነገርና ልቧ እስኪረጋ ይቆያል። "ከዚያስ?" "ከዚያ አንዲት ሶማሌ ሴት ውሃ ሰጠችኝ።" እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ለዓመታት ተቀብሮ ይኖርና በዚህ ሰዓት ይወጣል። ታሪኩ በሩ ላይ እንዳልቆመ ሴትየዋ ራሷ ታየዋለች።

ባለሙያዋ የሰማችውን ትጽፋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ታነብላታለች። "አይ፣ እሱ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ወንድሜ ነው የደወለው" እያለች ታርማለች። ከዚያ ቀጣዩ ድንጋይ። በመጨረሻ ሙሉው ታሪክ ከልደት እስከ ዛሬ ይነበባል፣ ሴትየዋ ትፈርምበታለች፣ ቅጂው ይሰጣታል። የዚህ ልማድ ሥር ቺሊ ነው። በወታደራዊው ገዥ በፒኖቼ ዘመን የተገረፉ ሰዎች ቃላቸውን ሲያስመዘግቡ ምስክርነቱ ራሱ እንደሚፈውስ ሁለት ቺሊያውያን ባለሙያዎች በ1983 ጽፈው ነበር። ማጊ ሻወር፣ ፍራንክ ኖይነርና ቶማስ ኤልበርት የተባሉት የጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያንን የሚፈሩትን ነገር በመጋፈጥ ከሚደረገው ሕክምና ጋር አዋሕደው የትረካ ሕክምናን ሠሩ።

ይህን ከጓደኛ ጋር ማድረግ አይቻልም?

ጓደኛ የሚሰጠውን ቴራፒስት አይሰጥም። አብሮ መብላት፣ ሌሊት ስልክ ማንሳት፣ ለቤት ኪራይ ማበደር የጓደኛ ሥራ ነው። ግን ጓደኛ የሚያስፈራው ቦታ ሲደረስ ወሬ ይቀይራል፣ ያለቅሳል፣ "እኔም እኮ አንዴ…" ይላል። ይህ ወቀሳ አይደለም፤ የሚወዱት ሰው ሲሰቃይ ማየት ከባድ ነው። ባለሙያ የሚከፈለው እዚያ ቦታ ላይ ሳይሸሽ ለመቆየት፣ ቅደም ተከተሉን ለመጠበቅና መመለሻውን ለማወቅ ነው።

ማስወራት ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ባንድ ወቅት አደጋ በደረሰ በቀናት ውስጥ የተረፉትን ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስወራት የተለመደ ነበር። ጥናት ሲደረግ ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል፣ እንዲያውም አንዳንዶች ላይ ሊያባብሰው እንደሚችል ታየ። ዛሬ አይመከርም። ባደጋው ሰሞን የሚያስፈልገው ውሃ፣ መጠለያ፣ የቤተሰብ ስልክ ቁጥርና መናገር ከፈለገ የሚሰማ ጆሮ ነው። ተፈናቃዮች መጠለያ ሄዶ ማይክ ደቅኖ "የደረሰብዎትን ይንገሩን" ማለትስ? እሱን ለአንባቢ ፍርድ እንተወው።

ውጤቱ ተለክቷል?

ተለክቷል። በ2004 የታተመ ጥናት ኡጋንዳ ውስጥ ፒቲኤስዲ የነበረባቸውን 43 ሱዳናውያን ስደተኞች ለሦስት ከፈለ። አንደኛው ቡድን አራት ቀጠሮ የትረካ ሕክምና አገኘ። ሁለተኛው ደጋፊ የምክር አገልግሎት፣ ሦስተኛው ስለ ሕመሙ ትምህርት ብቻ። ከዓመት በኋላ ሲታዩ ከመጀመሪያው ቡድን ሕመሙ ያለባቸው 29 በመቶው ነበሩ። ከምክር ቡድኑ 79፣ ከትምህርት ቡድኑ 80 በመቶው ገና ታማሚ ነበሩ። ሰዎቹ ያኔም ካምፕ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ኑሯቸው አልተለወጠም። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ግን በዚህ አንድ ጥናት ብቻ መማል አይቻልም።

በ2008 የወጣው ተከታዩ ጥናት ለእኔ ይበልጥ ይገርማል። ናኪቫሌ በተባለው የኡጋንዳ ሰፈር 277 ሩዋንዳውያንና ሶማሌዎች ተሳተፉ። ያከሟቸው ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሥልጠና የወሰዱ የዚያው ሰፈር ስደተኞች ናቸው። የታከሙት ካልታከሙት በግልጽ ተሻላቸው። ሐቁን ለመናገር በዚህኛው ጥናት ሌላ ዓይነት፣ ልቅ ያለ የትራውማ ምክር የተሰጣቸውም ከትረካ ሕክምናው ብዙ አላነሱም። የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ትልቁ ዜና በደንብ የሠለጠነና የሚቆጣጠረው ሰው ያለው ተራ ሰው ይህን መሥራት መቻሉ ነው።

ሁሉም ግን አይድንም። አቋርጦ የሚሄድ አለ፤ ጨርሶም ትንሽ ብቻ የሚሻለው አለ።

ሌላስ ምን ዓይነት ሕክምና አለ?

አብዛኞቹ በተለያየ በር ወደ አንድ ክፍል የሚገቡ ናቸው። ኢድና ፎዋ ያዳበረችው ፕሮሎንግድ ኤክስፖዠር አንድን ክፉ ትዝታ ደጋግሞ ማስተረክና ወደ ሸሹት ነገር ቀስ በቀስ መመለስን ይጠቀማል። ፓትሪሺያ ሬሲክ የሠራችው ኮግኒቲቭ ፕሮሰሲንግ ቴራፒ ደግሞ ትኩረቱ ሐሳቡ ላይ ነው፤ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንም አይታመንም" የሚሉ የተጣበቁ እምነቶችን በ12 ቀጠሮ ያህል እየመረመረ ይፈታል። ኢኤምዲአር የሚባለው በ1987 ፍራንሲን ሻፒሮ የጀመረችው ነው። ታማሚው ትዝታውን እያሰበ ዓይኑ የባለሙያውን ጣት ወዲያና ወዲህ ይከተላል። ይሠራል፤ የዓይን እንቅስቃሴው ምን ያህሉን ድርሻ እንደሚይዝ ግን ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

ከልጅነት የጀመረ ከሆነስ?

ቤት ውስጥ ለዓመታት ሲደበደብ ወይም ሲደፈር ያደገ ሰው የሚሸከመው ቅዠት ብቻ አይደለም። ራሱን እንደ ቆሻሻ ያያል። ስሜቱ ከዜሮ መቶ ይዘላል፣ ወይም ጨርሶ ይደነዝዛል። ሰው ሲቀርበው ይፈራል፣ ሲርቀው ይሞታል። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች ዝርዝር ለዚህ ውስብስብ ፒቲኤስዲ የሚል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል።

ጁዲት ኸርማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1992 ማገገምን በሦስት ደረጃ አስቀመጡ። ቅድሚያ ደኅንነት፤ ሰውየው ዛሬ የሚደበድበው ሰው ጋ እየኖረ ትናንትን ማከም አይቻልምና። ቀጥሎ ማስታወስና ማልቀስ። በመጨረሻ ወደ ሰውና ወደ ሥራ መመለስ። ደረጃዎቹ ተራ ጠብቀው አይሄዱም፤ ወደኋላ መመለስ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ ምን ያህል ይቆይ በሚለው ላይም ክርክር አለ። አንዳንዶች ለወራት ማረጋጋት ያስፈልጋል ይላሉ። የትረካ ሕክምና ሰዎች ደግሞ "ብዙ ማቆየት መሸሽን ያስተምራል" ባዮች ናቸው። ቀድሞ የሚደረገው ደኅንነትን ማየት መሆኑ ላይ ግን አይለያዩም።

እንክብሉስ? ጠበሉስ?

ለፒቲኤስዲ የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ። ሰርትራሊን አንዱ ነው። ድባቴ አብሮ ሲኖር ወይም የንግግር ሕክምና በማይገኝበት ጊዜ ይጠቅማሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዲያዜፓምና ዘመዶቹ ላይ ነው። ለእንቅልፍ ተብለው በቀላሉ ይሰጣሉ፣ ሱስ ይሆናሉ፣ ፒቲኤስዲንም አያድኑም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 መመሪያው አደጋ ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንዳይሰጡ መክሯል። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው ግን በራሱ ድንገት ማቆም የለበትም፤ አደጋ አለው፣ ከሐኪም ጋር ነው የሚቀነሰው። ጫትና መጠጥም በዚሁ ቦታ የሚገቡ ናቸው፤ ለሌሊቱ መሸሻ ይሆናሉ፣ ጠዋት ነገሩ እዚያው ነው።

ጠበል፣ ጸሎት፣ ዱዓ፣ የንስሐ አባት ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። ብዙ ሰው ተስፋና የሰው ፊት የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ጥሩ ቴራፒስትም ይህን አይነቅፍም። የሚጋጩት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው "እምነት ካለህ መድኃኒቱን ጣል" ሲባል። ሁለተኛው የትራውማ ምልክት እንደ መንፈስ ተቆጥሮ ሰው ሲታሰርና ሲመታ። ታግታ የተገረፈችን ሴት ማሰር ምን እንደሚቀሰቅስባት ከላይ ያነበበ ይገባዋል።

የት ይኬዳል? ምንስ ይጠየቃል?

አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ስሙ በሰፈር መሰዳደቢያ ስለሆነ ብዙ ሰው በሩን ማየት አይፈልግም። ያሳዝናል። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና የካቲት 12 ያሉ ሆስፒታሎች፣ ከአዲስ አበባ ውጭም እንደ ጎንደርና ጅማ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የግል የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም በርክተዋል። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ያክማል። አንዱ ወደ ሌላው ቢልክ የሚያስደነግጥ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ መጠየቅ ነውር አይደለም። "ለትራውማ የሠለጠኑት በየትኛው ዘዴ ነው? ስንት ቀጠሮ ይወስዳል? መሐል ላይ ቢብስብኝ ምን ያደርጋሉ? የምናገረው ለማን ይነገራል?" የሚሉትን ያለ ቁጣ የሚመልስ ሰው ጥሩ ምልክት ነው። በአንድ ቀን አድናለሁ የሚል፣ ወይም በመጀመሪያው ቀን "ሁሉንም ዘርግፈው" ብሎ የሚያስገድድ ጋ አለመመለስ ይሻላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ከሰው ጋር።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ አገር የጤና ተቋሙ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ፣ ማኅበረሰባችሁ የማያውቀው ሰው ይሁንልኝ ማለትም ያስኬዳል። በቪዲዮ በአማርኛ የሚያክሙ ባለሙያዎችም አሉ፤ የሥራ ፈቃድ እንዳላቸው ጠይቁ። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። እንግሊዝኛው ወይም ዕብራይስጡ ቢቀናውም፣ እናቱ በረሃ ላይ የደረሰባትን በገዛ አፉ እንዲናገር ማድረግ ለእሱም ለእሷም ሌላ ድንጋይ ነው። እሷም እሱ ፊት እውነቱን አትናገርም።